ስሙ አንድ፣ ቀለቡ ለየቅል፦ የዴስክቶፕና የላፕቶፕ ፕሮሰሰር

ሁለት ፕሮሰሰሮችን ጎን ለጎን እናስቀምጥ። አንዱ ኮር አይ7-7500ዩ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ለላፕቶፕ የወጣ ነው። ሌላው ኮር አይ5-7500 ነው፤ ከጥቂት ወራት በኋላ በ2017 መጀመሪያ ላይ ለዴስክቶፕ ወጣ። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ቀኖች፣ ወሮችና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሁለቱም የኢንቴል ናቸው፤ ሁለቱም 7ኛ ትውልድ፣ ነጋዴዎቻችን 7ኛ ጀነሬሽን የሚሉት፣ ናቸው፤ ቁጥራቸውም አንድ ነው። የትኛው ይበልጣል ተብሎ የሚጠየቅ ሰው ያለ ማመንታት አይ7ቱን ይመርጣል። ውስጣቸው ሲታይ ግን አይ5 የተባለው አራት ኮር፣ ማለትም ራሱን ችሎ የሚያሰላ ክፍል፣ አለው፤ አይ7 የተባለው ሁለት ብቻ። አይ5ቱ በመነሻ ፍጥነቱ 3.4 ጊጋኸርዝ ይሮጣል፤ አይ7ቱ 2.7። ለአይ5ቱ 65 ዋት ተፈቅዶለታል፤ ለአይ7ቱ 15 ዋት። ቪዲዮ ለማቀናበርም ሆነ ከባድ የሕንፃ ሥዕል ለማውጣት "ትንሹ" ትልቁን ጥሎት ይሄዳል።

ኢንቴል በዚህ ስያሜ ዋሽቷል ማለት አይቻልም። በቀጫጭን ላፕቶፖች ቤተሰብ ውስጥ 7500ዩ በጊዜው ከላይኛው ረድፍ ነበር። ነገር ግን ገዢ የፕሮሰሰሩን ቤተሰብ አጣርቶ አይገዛም፤ ኮምፒዩተሩ ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት አይቶ ነው የሚከፍለው። ወረቀቷ ደግሞ "ኮር አይ7" ብላ ታቆማለች፤ ዋናውን ነገር የያዘችው ፊደል፣ "ዩ"፣ እዚያ ላይ የለችም። እኔ ይህን ስያሜ ለገዢው ያልቆመ ስያሜ እለዋለሁ፤ የዚህ ጽሑፍ ድካምም ፊደሏን ወደ ቦታዋ ለመመለስ ነው።

ለመሆኑ ሁለቱን የሚለያቸው ምንድን ነው? በሚገባቸው ቋንቋ አይለያዩም፤ አንዱ የሚያነበውን ትእዛዝ ሌላውም ያነበዋል፤ ዴስክቶፕ ላይ የሚጫን ዊንዶውስም ሆነ ፎቶሾፕ ላፕቶፕ ላይም ይጫናል። ብዙ ጊዜ የኮራቸው ንድፍ እንኳ አንድ ነው። የሚለያዩት በሚቆረጥላቸው የኤሌክትሪክ ቀለብና የሚተፉትን ሙቀት ተቀብሎ በሚያስወጣላቸው አካል ነው። ሌላው ልዩነት ሁሉ ከዚህ አንድ ነገር የሚወለድ ነው።

ፕሮሰሰር በቢሊዮን የሚቆጠሩ ጥቃቅን ማብሪያ ማጥፊያዎች የታጨቁበት የሲሊከን ቁራጭ ነው። እያንዳንዷ ማብሪያ በበራችና በጠፋች ቁጥር ጥቂት ኤሌክትሪክ ትበላለች፤ የተበላው ሁሉ መጨረሻው ሙቀት ነው። ፍጆታው በጊጋኸርዙ ልክ ያድጋል፤ በቮልቴጁ ደግሞ በካሬው ያድጋል። ነገሩን የሚያከብደው ሁለቱ መተሳሰራቸው ነው፤ ፍጥነት መጨመር የፈለገ ቮልቴጅም መጨመር አለበት። ሁለቱንም በ20 በመቶ ብናሳድግ 1.2 ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ 1.73 ገደማ ይሰጣል፤ ለ20 በመቶ ፍጥነት 73 በመቶ ተጨማሪ ኤሌክትሪክ ከፈልን ማለት ነው። ቁልቁል ሲኬድ ግን ስሌቱ ቸር ነው። ሁለቱንም በ20 በመቶ ብንቀንስ ከፍጥነቱ 80 በመቶው ይቀርልናል፤ ፍጆታው ወደ ግማሽ ይወርዳል። የላፕቶፕ ፕሮሰሰር የሚኖረው በዚህች ቸርነት ነው። ዴስክቶፑ የዳገቱን ጫፍ ይወጣል፤ ላፕቶፑ እወገቡ ላይ ቆሞ ጥቂት ፍጥነት ይሰጥና ብዙ ዋት ያተርፋል።

ጫፉ ምን ያህል ውድ እንደሆነ ለማየት በ2022 የወጣውን ኮር አይ9-13900ኬ እንመልከት። ይህ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ እስከ 253 ዋት ይወስዳል። 50 ዋት-ሰዓት የሚይዝ መደበኛ የላፕቶፕ ባትሪ ይህን አውሬ 12 ደቂቃ እንኳ አይቀልብም። በመንገደኛ አውሮፕላን ያለ አየር መንገዱ ፈቃድ ይዞ መሳፈር የሚቻለው ትልቁ የላፕቶፕ ባትሪ 100 ዋት-ሰዓት ነው፤ እሱም 24 ደቂቃ አይሞላም። ስክሪኑ፣ ራሙና ዲስኩ ገና አልተቆጠሩም። ስለዚህ የላፕቶፕ ፕሮሰሰር ሠሪ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው "ስንት ዋት ይበቃዋል?" ብሎ ነው።

ከአባይ ድልድይ ወደ ደጀን የሚወጣውን ዳገት የሚያውቅ አንባቢ ቀጣዩን ነገር በቀላሉ ይረዳዋል። አንድ ዓይነት ሞተር የተገጠመላቸው ሁለት መኪኖች ቢኖሩና አንዱ ትልቅ ራዲያተር፣ ሌላው ትንሽ ራዲያተር ቢኖረው፣ ሜዳው ላይ እኩል ይሄዳሉ። የዳገቱም የመጀመሪያዎቹ ጥምዞች አይለያዩዋቸውም። ከዚያ በኋላ ግን የአንዱ ሙቀት መለኪያ መውጣት ይጀምራል፤ ሾፌሩ ነዳጅ መቀነስ ግድ ይሆንበታል። ላፕቶፕ ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው። ኢንቴል ለአንድ ፕሮሰሰር ሁለት የዋት ቁጥር የሚሰጠው ለዚህ ነው፤ አንዱ ለረጅም ሥራ፣ ሌላው ለአጭር ጥድፊያ። ኮር አይ7-1255ዩ የረጅም ሥራ ቀለቡ 15 ዋት ሲሆን ለጥቂት ሰከንዶች እስከ 55 ዋት እንዲወስድ ተፈቅዶለታል። ፋይል ሲከፈት፣ ድረ ገጽ ሲጫን፣ ያን ጊዜ 55ቱን ይጠቀምና ፈጣን ሆኖ ይታያል። ቪዲዮው 20 ደቂቃ የሚፈጅ ከሆነ ግን ከዚያ ሰዓት ውስጥ አብላጫውን በ15 ዋት ነው የሚገፋው። ሱቅ ውስጥ ቆሞ ለሁለት ደቂቃ የሞከረ ገዢ የሚያየው ጥድፊያውን ብቻ ነው።

ቀለቡን የሚወስነው ደግሞ ፕሮሰሰር ሠሪው ብቻውን አይደለም። ላፕቶፑን የገጣጠመው ኩባንያ እንደ ገላው ውፍረትና እንደ ማራገቢያው አቅም ልኩን ከፍና ዝቅ ያደርገዋል። በዚህ ምክንያት አንድ ዓይነት ፕሮሰሰር የያዙ ሁለት ላፕቶፖች በረጅም ሥራ ላይ በጉልህ ሊበላለጡ ይችላሉ። አፕል በ2020 ያወጣው ኤም1 ለዚህ ንጹሕ ማስረጃ ይሆነናል። ያንኑ ፕሮሰሰር ማራገቢያ በሌለው ማክቡክ ኤር፣ ማራገቢያ ባለው ማክቡክ ፕሮ እና ጠረጴዛ ላይ በሚቀመጠው ማክ ሚኒ ውስጥ አስገባው። በአጭር ሥራ ሦስቱን መለየት ይከብዳል። ሥራው ሲረዝም ግን ማክቡክ ኤር ሙቀቱን የሚያወጣበት ስለሚያጣ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ሁለቱ ባለ ማራገቢያዎች እንደያዙት ይቀጥላሉ። ሲሊከኑ አልተቀየረም፤ የተቀየረው ማራገቢያው ነው።

ወደ ስያሜው እንመለስ፤ ገዢ የሚጎዳው እዚህ ነውና። በኢንቴል ዘንድ ለዓመታት "ዩ" ማለት 15 ዋት አካባቢ፣ "ኤች" ማለት 45 ዋት፣ በ12ኛውና በ13ኛው ትውልድ የገባው "ፒ" ደግሞ በመካከላቸው 28 ዋት ማለት ነበር። ዴስክቶፕ ላይ ፊደል የሌለው በተለምዶ 65 ዋት ነው፤ "ቲ" ወደ 35 ዋት የተቆጠበ፣ "ኬ" ደግሞ ፍጥነቱን ባለቤቱ እንዲጨምር የተፈቀደለት፣ በቅርብ ትውልዶች 125 ዋት የሆነ። "ኤፍ" ካለበት በውስጡ ግራፊክስ የለውም፤ ግራፊክስ ካርድ ለብቻው ሳይገዛ ዴስክቶፑን ያስገጣጠመ ሰው ጨለማ ስክሪን ይጠብቀዋል። በላፕቶፕ በኩል ከ2022 ጀምሮ የመጣው "ኤችኤክስ" ልዩ ነገር ነው፤ የዴስክቶፑ ሲሊከን ራሱ በላፕቶፕ ማዘርቦርድ ላይ ተበይዶ ማለት ነው። እንዲህ ያሉት ላፕቶፖች ከግራፊክሳቸው ጋር 300 ዋት የሚደርስ ቻርጀር ይዘው ይመጣሉ፤ ቻርጀሩ ብቻውን ጡብ ያክላል። ጉልበታቸው እውነተኛ ነው፤ ከሶኬት ሲነቀሉ ግን ያ ጉልበት አብሮ ይነቀላል።

ኤኤምዲም ከዚህ ጨዋታ ነጻ አይደለም። ራይዘን 7-3700ኤክስ ስምንት ኮር ያለው የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር ነው። ራይዘን 7-3700ዩ ደግሞ አራት ኮር ያለው የላፕቶፕ ፕሮሰሰር ነው፤ ንድፉም ከስሙ ተጋሪ በአንድ ደረጃ የቆየ ነው። በ2022 የወጣው ራይዘን 5-7520ዩ "7" በሚል ቁጥር ቢጀምርም ኮሩ በ2019 የተዋወቀው ዜን 2 ነው። ኩባንያው በዚያ ስያሜ ሦስተኛው አኃዝ የኮሩን ትውልድ እንደሚናገር አስታውቋል፤ ሦስተኛውን አኃዝ ቆጥሮ የሚገዛ ሰው ግን ስንት አለ?

በ2021 መጨረሻ ኢንቴል 12ኛውን ትውልድ ሲያወጣ ሌላ መደናገሪያ ተጨመረ። ከዚያ ወዲህ ኮሮቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ጉልበተኞቹና ቆጣቢዎቹ። ሻጭ "10 ኮር" ሲል ስንቱ ከየትኛው እንደሆነ አይናገርም። ቅድም ያነሳነው 1255ዩ አሥር ኮር አለው ሲባል ሁለት ጉልበተኛና ስምንት ቆጣቢ ማለት ነው። የዴስክቶፑ ኮር አይ7-12700 አሥራ ሁለት ኮር አለው፤ ከእነዚህ ስምንቱ ጉልበተኞች ናቸው። አሥርና አሥራ ሁለት ሲባል ተቀራራቢ ይመስላል፤ ሁለትና ስምንት ሲባል ግን እውነቱ ይወጣል። ስድስት ጉልበተኛ ኮር ብቻ ያለው የዴስክቶፕ ኮር አይ5-12400 እንኳ በረጅም ሥራ ይህን የላፕቶፕ አይ7 ይበልጠዋል።

ሚዛኑ እንዳይዛነፍ የሚቀጥለውን መናገር ይገባል። አንድ ኮር ብቻ በሚጠይቅ ሥራ ላይ ሁለቱ ዓለማት በጣም ተቀራርበዋል። 1255ዩ እስከ 4.7 ጊጋኸርዝ ይወጣል፤ 12700 እስከ 4.9። ደብዳቤ መጻፍ፣ ኢሜይል፣ ኤክሴል፣ የአብዛኛው መሥሪያ ቤት የሒሳብ ፕሮግራም የሚኖሩት እዚህ ነው። ለእነዚህ ሥራዎች ዴስክቶፕ ይሻላል ብሎ የሚከራከር ሰው የድሮ ልማድ እየደገመ ነው።

ላፕቶፕ የዴስክቶፕ ታናሽ ወንድም ነው የሚለው አስተሳሰብ ራሱ በታሪክ ተፈትኖ ወድቋል። በ1990 ኢንቴል ለተንቀሳቃሽ ኮምፒዩተር ብሎ የሠራውን 386ኤስኤል ሲያወጣ፣ ላፕቶፕ የሚደርሰው በእርግጥም ከዴስክቶፕ የተረፈው ነበር። በ2000 የመጣው ስፒድስቴፕም በባትሪ ጊዜ ፍጥነት የሚቀንስ ዘዴ እንጂ አዲስ ንድፍ አልነበረም። በእነዚያ ዓመታት ኩባንያው በዴስክቶፕ በኩል ጊጋኸርዝን እያሳደደ ነበር፤ ፔንቲየም 4 እስከ 3.8 ጊጋኸርዝ ደርሶ 115 ዋት በላ። በሃይፋ፣ እስራኤል፣ የነበረው የኢንቴል ቡድን ግን ሌላ መንገድ ያዘ። ፍጥነቱን ትቶ በእያንዳንዱ ምት ብዙ ሥራ የሚሠራ ፕሮሰሰር ነደፈ። በመጋቢት 2003 የወጣው ፔንቲየም ኤም በ1.6 ጊጋኸርዝና ከ25 ዋት ባነሰ ቀለብ ብዙ የፈጠኑ የሚመስሉ ፔንቲየም 4ዎችን ተስተካከላቸው። በ2004 ኢንቴል ለፔንቲየም 4 ተተኪ ያዘጋጀውን ቴጃስ የተባለ ንድፍ ሰረዘው፤ ሙቀቱ የማያወጣ መንገድ ሆኖ ነበርና። በ2006 ዴስክቶፕን ያዳነው ኮር 2 ዱዎ የዘር ሐረጉ ወደ ፔንቲየም ኤም ይመዘዛል። ዛሬ "ኮር" በሚል ስም የምንገዛው ሁሉ ሥሩ የላፕቶፕ ነው ቢባል ስህተት አይሆንም። ኤም1ም ከስልክ ፕሮሰሰር ቤተሰብ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ በመቀመጡ ያንኑ ታሪክ ደግሞታል። ቁጠባን የተማረ ፕሮሰሰር ቀለብ ሲጨመርለት ይጠነክራል፤ በጥጋብ ያደገ ግን ቀለብ ሲቀነስበት ይወድቃል።

ሰው ሁሉ ስለ ከፍተኛው ጉልበት ሲያወራ የሚረሳው ዝቅተኛው ፍጆታ ነው። ተጠቃሚው ቡና ሲጠጣ፣ ስክሪኑን ሲያነብ፣ ፕሮሰሰሩ ምን ያህል ይበላል? የላፕቶፕ ፕሮሰሰር የሰከንድ ክፍልፋይ ዕረፍት ባገኘ ቁጥር ኮሮቹን አጥፍቶ ይተኛል፤ መሐንዲሶቹ አብዛኛውን ድካማቸውን ያፈሰሱትም እዚህ ላይ ነው። ኤኤምዲ የዴስክቶፕ ራይዘኖቹን ከብዙ የሲሊከን ቁራጮች ሲገጣጥም ለላፕቶፕ ግን ሁሉን በአንድ ቁራጭ ላይ የሚሠራው በዋናነት ለዚህ ነው፤ ቁራጮቹ እርስ በርስ ሲነጋገሩ የሚባክነው ዋት ለባትሪ አይገባም። በአንጻሩ ቦታው ስለሚጠብብ ካሹ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ በቅርብ የሚይዘው ፈጣን ማህደረ ትውስታ፣ ይቀንሳል። ራይዘን 7-5800ኤክስ 32 ሜጋባይት የሦስተኛ ደረጃ ካሽ አለው፤ ያንኑ የዜን 3 ኮር፣ ያንኑ ስምንት ኮር የያዘው የላፕቶፑ 5800ኤች 16 ሜጋባይት ብቻ።

ከዕድሜ አንጻር ዴስክቶፕ ግልጽ ብልጫ አለው። ፕሮሰሰሩ በሶኬት ላይ የሚቀመጥ ነው፤ ይነሳል፣ ይለወጣል። ኤኤም4 በተባለው የኤኤምዲ ሶኬት በ2017 የተገዙ ብዙ ማዘርቦርዶች ባዮሳቸው ከታደሰ በ2022 የወጣ ፕሮሰሰር ይቀበላሉ። የላፕቶፕ ፕሮሰሰር ግን ከኢንቴል 4ኛ ትውልድ በኋላ ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደ ነው፤ አሁን አሁን ራሙም እየተከተለው ነው። ኢንቴል በ2024 ያወጣው ሉናር ሌክ ራሙን ከፕሮሰሰሩ ጋር በአንድ ማሸጊያ አድርጎታል፤ 16 ወይም 32 ጊጋባይት፣ ከዚያ በኋላ መጨመር የለም። ዴስክቶፑም ቢሆን የጫፉ ዋጋ አለበት። በዚያው በ2024 ኢንቴል የ13ኛና 14ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮቹ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቁ እንደሚጎዱ አምኖ ማረሚያ ሶፍትዌር አወጣ፤ ዋስትናቸውንም በሁለት ዓመት አራዘመ።

ወደ አገራችን ስንመጣ ጥያቄው ሌላ መልክ ይይዛል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያልፋል። በዚህ ከፍታ አየሩ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ ማራገቢያው በአንድ ዙር የሚገፋው አየር የሚሸከመው ሙቀት በዚያው ልክ ያነሰ ነው። የሰርቨር አምራቾች ከፍታ ሲጨምር የሚፈቀደው የክፍል ሙቀት ዝቅ እንዲል የሚያዙት ለዚህ ነው። የከተማዋ ብርድ ከጉዳቱ የተወሰነውን ይመልስልናል፤ ሰመራ ወይም ጋምቤላ ለሚሠራ ሰው ግን አየሩ ራሱ ሞቆ ይጠብቀዋል። በዚህ ላይ አቧራ አለ። ለዓመታት ሳይጸዳ የቆየ ላፕቶፕ "ፕሮሰሰሩ አርጅቷል" ይባላል፤ ፕሮሰሰር ግን እንዲህ አያረጅም። ማራገቢያው ተጠርጎ፣ የደረቀው ቴርማል ፔስት ሲቀየር ብዙዎቹ ወደ ቀድሞ ፍጥነታቸው ይመለሳሉ። አዲስ ከመግዛት በፊት ይህን ማስደረግ ብዙ ብር ያድናል።

የመብራት መቆራረጥ ደግሞ ለላፕቶፕ ትልቁ ተሟጋች ነው። ባትሪው ራሱ ዩፒኤስ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ጽሑፉ አይጠፋም። ዴስክቶፕ የሚገዛ ሰው የዩፒኤሱን ዋጋ ከመጀመሪያው ጨምሮ ማስላት አለበት፤ ፕሮሰሰሩ 125 ዋት ከሆነ ዩፒኤሱም ትልቅ መሆን ይኖርበታል። ብይኔን እዚህ ላይ ላስቀምጥ። ለተማሪ፣ ለጋዜጠኛ፣ ለአስተማሪ፣ ለሒሳብ ሠራተኛ ባለ "ዩ" ላፕቶፕ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ መክፈል ብክነት ነው። አርክቴክት፣ ቪዲዮ አቀናባሪ፣ ቀኑን ሙሉ ፕሮግራም የሚያጠናቅር ባለሙያ፣ ቋሚ ቦታና ዩፒኤስ ካለው፣ ባለ 65 ዋት ዴስክቶፕ ይግዛ። በዚያው ገንዘብ የሚገኘው ላፕቶፕ አይስተካከለውም፤ ከዓመታት በኋላም አካሉን እየቀያየረ ያቆየዋል። መንቀሳቀስ ግድ የሆነበት ባለሙያ ባለ "ኤች" ይፈልግ፤ ወፍራሙንና ባለ ሁለት ማራገቢያውን እንጂ ቀጭኑን አይምረጥ።

ያገለገለ ለሚገዛ ሰው አንድ መስመር አለ። ከ7ኛ ወደ 8ኛ ትውልድ ሲታለፍ፣ በ2017፣ የኢንቴል ባለ "ዩ" ኮር አይ5ና አይ7 በዚያው 15 ዋት ውስጥ ከሁለት ኮር ወደ አራት ኮር ዘለሉ። የ7ኛው ትውልድ ኮር አይ7-7500ዩ ሁለት ኮር አለው፤ የ8ኛው ኮር አይ5-8250ዩ አራት። ዊንዶውስ 11ም ከኢንቴል በኩል ከጥቂቶች በቀር የሚቀበለው ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ ያለውን ነው፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ በጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። መግቢያው ላይ ያነሳናቸው ሁለቱ 7500ዎች በዝርዝሩ ውስጥ የሉም።

ከአሜሪካም ሆነ ከዱባይ "ምን ላፕቶፕ ልላክልህ?" ብሎ የሚደውል ወንድም ወይም እህት ያለው ሰው "ኮር አይ7 ይሁን" ብሎ ስልኩን አይዝጋ። ሙሉ ቁጥሩን ከነፊደሉ በጽሑፍ ይላክለት። ለመሥሪያ ቤት ዕቃ የጨረታ ሰነድና ፕሮፎርማ የምታዘጋጁ ባልደረቦቼንም የምለምነው ይህንኑ ነው። "ኮር አይ7፣ 16 ጊጋባይት ራም" የሚል ዝርዝር ባለ ሁለት ኮሩንም ባለ አሥራ ስድስት ኮሩንም በእኩል ያሳልፋል፤ ዝቅተኛ ዋጋ የሚያሸንፍበት ጨረታ ላይ የሚመጣው የትኛው እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ትውልዱን፣ ሙሉ የሞዴል ቁጥሩን፣ የጉልበተኛ ኮሮቹን ብዛትና የረጅም ሥራ ዋቱን ጻፉ። ርክክብ ላይም ኮምፒዩተሩን ከፍታችሁ ቁጥሩን ከሰነዱ ጋር አመሳክሩ።